«ያለ ምንም ጠባሳ» የሚሉን እየዋሹን ነው



ከመገናኛ ወደ ኮተቤ በሚሄድ ታክሲ ተቀምጠን ስልካችንን ስንከፍት ደጋግሞ የሚመጣብን ማስታወቂያ አለ። በግራ በኩል ከወሊድ በኋላ የላላ ሆድ፣ በቀኝ በኩል ልጥጥ ያለ ሆድ። ከሥሩ «ያለ ምንም ጠባሳ!» ይላል። ልብ ብላችሁ እዩት፦ በቀኝ ያለችው ሴት ሱሪዋን እስከ እምብርቷ ስባ ታጥቃለች። ለምን? ጠባሳው ከሱሪው ሥር ስላለ ነዋ!

«ይሄ ነውር ነው፣ እንዲህ ዓይነቱ በአደባባይ አይወራም» የሚለን ይኖራል። እኛ ደግሞ እንላለን፦ እህቶቻችን የሚታለሉት እኛ ዝም ስላልን ነው።

በቅርቡ አንዲት እህታችን አማከረችን። የሦስት ልጆች እናት ናት። ወርቋን ሸጣ ተሚ ታክ የሚባለውን፣ የላላ የሆድ ቆዳ የሚወገድበትን ቀዶ ጥገና አሠርታለች። ከመሠራቷ በፊት «ትንሽ መስመር ናት፣ በሁለት ወር ትጠፋለች» ብለዋት ነበር። ይኸው ስምንተኛ ወሯ ነው፤ መስመሩ ጠቁሯል፣ አብጧል፣ ያሳክካታል። ምን አለችን? «እውነቱን ቢነግሩኝ ኖሮ ምናልባት አሁንም እሠራው ነበር። ያቃጠለኝ መታለሌ ነው።» ይህን ጽሑፍ ያስጻፈችን ይህች አንዲት ንግግር ናት።

ሐቁ ይኸውና። በተሚ ታክ ሐኪሙ ከእምብርት በታች ያለውን ትርፍ ቆዳና ስብ ቆርጦ ያወጣል፤ በእርግዝና የተራራቁትን የሆድ ጡንቻዎች አቀራርቦ ይሰፋል፤ የላይኛውን ቆዳ ወደ ታች ስቦ ይገጥማል። ቆዳ ተቆርጦ ከወጣ ሁለቱ ጠርዞች የሚገናኙበት መስመር የግድ ይኖራል። በሙሉው ተሚ ታክ መስመሩ ከአንዱ ዳሌ እስከ ሌላው ዳሌ ይደርሳል። በኦፕራሲዮን የወለደች እናት ጠባሳ ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ይሄኛው ከዚያ በብዙ ይረዝማል። እምብርቱም ዙሪያውን ተቆርጦ በአዲስ ቀዳዳ ስለሚወጣ ሌላ ክብ ጠባሳ አለ። የላይኛው ቆዳ ተስቦ የማይደርስ ከሆነ ደግሞ መሐል ላይ ወደ ታች የሚወርድ ሦስተኛ መስመር ሊጨመር ይችላል።

ስለዚህ ይህቺን ያዙልን፦ ጎበዝ ሐኪም ጠባሳን አያጠፋም፤ ቦታውን ይመርጥለታል። ብራዚላዊው ሐኪም ኢቮ ፒታንጊ እ.ኤ.አ. በ1967 ያሳተመው ሥራ የታወቀው መስመሩን ዝቅ አድርጎ፣ በልብስ እንዲሸፈን በማድረጉ ነው። ዛሬም ጠንቃቃ ሐኪም ታካሚዋን አቁሞ፣ የውስጥ ልብሷ የት ላይ እንደሚያርፍ አይቶ፣ ቆዳዋ ላይ በእስክሪብቶ ያሰምራል። ብዙዎቹ ከብልት በላይ ከ5 እስከ 7 ሳንቲ ሜትር ላይ ያደርጉታል። ዝቅ የሚያደርጉት አውቀው ነው፤ የተወጠረው ቆዳ ሲድን መስመሩን ወደ ላይ ይጎትተዋል። ይህን ሳያስረዳ «አይታይም» ብሎ የሚሸኝ ሰው ሐኪም ሳይሆን ደላላ ነው።

መልኩስ? በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቀጭን ሊመስል ይችላል። ቀጥሎ ባሉት ወራት ይቀላል ወይም ይጠቁራል፣ ይጠነክራል፣ ያሳክካል። ቀስ በቀስ ለስልሶ የሚደበዝዘው ከ12 እስከ 18 ወር ባለው ጊዜ ነው። ይደበዝዛል እንጂ አይጠፋም። በእኛ ዓይነት ጠቆር ያለ ቆዳ ላይ ደግሞ ጠባሳ ይበልጥ ሊጠቁር ይችላል፤ ኬሎይድ የሚባለው፣ ከቁስሉ ወሰን አልፎ የሚያድገው እብጠትም ነጭ ቆዳ ካላቸው ይልቅ በጥቁሮች ላይ ይበዛል። ጆሮሽን ስትበሺ እብጠት የወጣብሽ ወይም በቤተሰብሽ እንዲህ ያለው የገጠመው ሰው ካለ፣ ከሁሉም በፊት ይህን ለሐኪሙ ተናገሪ። ሲጋራና ሺሻም አለ። ኒኮቲን የደም ሥርን ያጠባል፤ ደም ያልደረሰው ጠርዝ ይሞትና ቁስሉ ይከፈታል፤ ጠባሳውም ሰፊ ይሆናል። ለእህታችንም ያልናት ይህን ነው፦ ጊዜው ገና አላለቀም፣ ነገር ግን ያበጠውን የቆዳ ሐኪም ይየው፤ የሲሊኮን ፕላስተርም ሆነ መርፌ የሚረዳበት ጊዜ አለ።

«ቱርክ ወይም ዱባይ ሄጄ በርካሽ ልሠራ» የምትሉም አላችሁ። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል እንደዘገበው ከ2009 እስከ 2022 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ ለውበት ቀዶ ጥገና ወደ ዶሚኒካን ሪፐብሊክ ከሄዱ አሜሪካውያን ውስጥ 93 ሞተዋል። ሆድ ከተቀደደ በኋላ እግር ላይ ደም ሊረጋ፣ ከዚያም ወደ ሳንባ ሊሄድ ይችላል፤ ወዲያው ረጅም በረራ ላይ መቀመጥ አደጋውን ያብሰዋል። ቁስሉ ቢያመረቅዝስ? የሠራሽ ሐኪም ኢስታንቡል ነው፣ አንቺ ያለሽው ላምበረት!

አሁን ወደ ወንዶቻችን እንዙር። ወንድሜ ሆይ! ያ ሆድ የላላው ልጆችህን ተሸክሞ ነው። «ተመልከቺ እነ እገሌን» እያልክ በስልክ የምታሳያት ፎቶ ሱሪ ታጥቆ የተነሳ መሆኑን አሁን አውቀሃል። ሚስቱን በቀልድ እያቆሰለ ወደ ቢላዋ የገፋ ሰው «እኔ መቼ አስገደድኳት?» ማለት አይችልም። ያቺ እህታችን ወርቋን የሸጠችው ማስታወቂያ አይታ ብቻ አይመስለንም።

በሌላ በኩል ደግሞ ጥያቄው ገና ሳያልቅ «ሐራም!» ብለው የሚዘጉ አሉ። ቀስ በሉ! እ.ኤ.አ. በ2007 ማሌዥያ፣ ፑትራጃያ ላይ የተሰበሰበው ዓለም አቀፉ የእስልምና ፊቅህ አካዳሚ ጉዳዩን ከፋፍሎ ነው ያየው። የአካልን ሥራ ለመመለስ፣ ጉዳትን ወይም ጉድለትን ለመጠገን የሚደረገውን ፈቅዷል፤ ሕክምና ሳይሆን ፍላጎትን ብቻ ተከትሎ የተፈጥሮን መልክ ለመቀየር የሚደረገውን ከልክሏል። ቀዶ ጥገናም ለሙስሊም ባዕድ አይደለም፤ የቁርጡባው አዝ-ዘህራዊ ከሺህ ዓመት በፊት የወንድ ጡት አላግባብ ሲያብጥ እንዴት ተቀዶ እንደሚወገድ ጽፏል። እና ጡንቻዋ ተራርቆ ወገቧን የሚያማት፣ ብዙ ኪሎ ቀንሳ የተንጠለጠለው ቆዳ ከሥሩ እየቆሰለ የሚያስቸግራት እናት፣ ገና ሳትወልድ ለቲክቶክ ብላ ከምትቀደድ ልጅ ጋር አንድ አይደለችም። የየራሷን ጉዳይ ይዛ ዓሊምንም ሐኪምንም ትጠይቅ። አስተያየት መስጫ ሥር የሚሰጥ ፈትዋ ይቅርብን።

ደግሞ ወደ ላይ ቀና ብለን እንጦጦን እንይ። በ2013 ዓ.ም. በተመረቀው ፓርክ እኛ ላብ ለማውጣት እንሮጣለን። በዚያው ተራራ እናቶች የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ በጀርባቸው አዝለው ወደ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ይወርዳሉ። ገመዱ ትከሻቸው ላይ የተወው ምልክት አለ፤ ሆዳቸውም ወልዶ የላላ ነው። ለእነሱ ማስታወቂያ የሚሠራላቸው የለም፤ ገንዘብ የላቸውማ! ማስታወቂያው የሚያባርረው የላላ ሆድን ሳይሆን ኪስን ነው። በእነዚያ እናቶች ሆድ የማናፍር ከሆነ በሚስቶቻችንና በእህቶቻችን ሆድ የምናፍረው ለምንድን ነው?

ለመሠራት የወሰነች እህት ካለች አንፈርድባትም። ነገር ግን ብር ከመክፈሏ በፊት እነዚህን ትጠይቅ፦ የፕላስቲክ ቀዶ ጥገና ስፔሻሊስት ነህ ወይ? መስመሩ ከየት እስከ የት ነው? ቆሜ አሳየኝ። የሠራሃቸውን፣ እንደ እኔ ቆዳ ያላቸውን ሰዎች ጠባሳ ከዓመት በኋላ ያለውን ፎቶ አሳየኝ። ጠባሳው ቢያብጥ ማን ያክመኛል? ገና መውለድ አስባለሁ፣ ልቆይ ወይ? በአካላዊ እንቅስቃሴና በፊዚዮቴራፒ የሚሻል ነገር አለ ወይ?

ለእነዚህ የሚቆጣ ወይም የሚስቅ ካጋጠመሽ ቦርሳሽን አንሺና ውጪ።

ለእናንተም፣ «ያለ ምንም ጠባሳ» እያላችሁ ለምትነግዱ፦ ዕቃውን ነውሩን ደብቆ የሚሸጥ ነጋዴ በዲናችን ምን እንደሚባል ታውቃላችሁ። የሰው ገላ ከዕቃ አያንስም። ጠባሳው የት እንደሚያርፍና ምን እንደሚመስል ጻፉት፤ የፈለገች አውቃ ትምጣ።

አላህ ከማታለልም ከመታለልም ይጠብቀን። ይህን ለእህቶቻችሁ አድርሱላቸው፤ ከእህቶቻችሁ በፊት ግን ለባሎቻቸው። ወላሁ አዕለም።