ራዲዮው ምን አደረገ?

«ንፋስ ለመለካት ይህን ሁሉ ሽቦ?» ብሎ ወዳጄ ሳቀብኝ። ምንም ነገር ሲነሳ «ለእንጀራ ምን ይጠቅማል?» የሚል ሰው ነው። ራዳር ለእሱ አውሮፕላን ማያ ብቻ ነው።

ሽቦውስ እውነትም ብዙ ነው። ከፔሩ ዋና ከተማ ከሊማ ወጣ ብሎ፣ ሂካማርካ በሚባል ደረቅ ሸለቆ፣ 18,432 የራዳር አንቴናዎች 300 ሜትር በ300 ሜትር መሬት ላይ ተሰድረዋል። ሞገድ ወደ ሰማይ ይልካሉ፤ ከሚናወጠው አየር ኢምንቱ ይመለሳል። የተመለሰው ሞገድ ድግግሞሽ ከፍ ካለ አየሩ እየቀረበ፣ ዝቅ ካለ እየራቀ ነው። ሮናልድ ዉድማን የተባለ ፔሩዊና ባልደረባው ጊዬን እ.ኤ.አ. በ1974 በዚህ ዘዴ የላይኛውን ሰማይ ንፋስ ከመሬት ሆነው መለኩ። ከ60 እስከ 90 ኪሎ ሜትር ያለውን አስቡት፦ የሜትሮሎጂ ፊኛ ሳይደርስበት ይፈነዳል፣ ሳተላይት ደግሞ ያን ያህል ዝቅ ብሎ አይዞርም።

ወዳጄ ይህን ሁሉ ሰምቶ ሻዩን አማሰለ። እኔ ግን ሐሳቤ አባቴ ዘንድ ሄዶ ነበር።

አባቴ ማታ ማታ አጭር ሞገድ ያዳምጥ ነበር። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ዜናው ይንቀጠቀጣል፣ ይርቃል፣ ይመለሳል። እኔ ጣሪያ ላይ እወጣለሁ። «ወደ ግራ! ኧረ ወደ ግራ አንተ ልጅ!» የአንቴናውን ሽቦ እንደ ምንም አዞራለሁ፤ እሱ ከታች ራዲዮውን በጥፊ ይለዋል። ባትሪውም፣ እኔም፣ ጣቢያውም ተራ በተራ እንወቀሳለን።

እዚያው ሂካማርካ፣ እ.ኤ.አ. በ1976 ዉድማንና ላ ኦስ ያሳተሙትን የራዳር ምስል ያየ ሰው ግን ራዲዮውን አይመታም። ከመሸ በኋላ በመግነጢሳዊው የምድር ወገብ ላይ፣ የራዲዮ ሞገድ የሚያንጸባርቀው የሰማይ ንብርብር ከላዩ ከባድ፣ ከታቹ ቀላል ይሆናል። ቀላሉ አረፋ ሠርቶ ከባዱን እየበሳ በመቶ ኪሎ ሜትሮች ወደ ላይ ይወጣል፤ ልክ ምጣድ ላይ ዓይን እንደሚያወጣ ሊጥ። በዚያ የሚያልፍ ሞገድ ይንቀጠቀጣል፤ ዛሬ የስልካችሁ ካርታ የሚቀበለው የሳተላይት ምልክት ጭምር። እንጀራ ካልክ ወዳጄ፣ ይኸው እንጀራ!

ያ ወገብ ደግሞ የፔሩ ብቻ አይደለም። በኢትዮጵያም ላይ ያልፋል፤ አዲስ አበባ አጠገቡ ናት።

የአባቴ ራዲዮ አሁንም ቁም ሣጥኑ ላይ ተቀምጧል። ጎኑ የተሰነጠቀው በጥፊ ነው።