በወር 600 ዶላር የሚከፈልበት ወንበር

የኤዲ በርኒስ ጆንሰን ስም በተነሣ ቁጥር የሚከተለው ማዕረግ «በአሜሪካ ኮንግረስ የመጀመሪያዋ ነርስ» የሚለው ነው። ልክ ነው፤ ግን ዋናውን ነገር ይዘልላል። የሚደንቀው ከዚያ 20 ዓመት ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1972፣ ከዳላስ ሆስፒታል ወጥተው የቴክሳስ ግዛት ምክር ቤት የገቡበት መንገድ ነው።

በ1930ዎቹ አጋማሽ በቴክሳሷ ዌኮ ከተማ ተወለዱ። ያኔ በቴክሳስ የነበረው የዘር መድልዎ ነርስነት ለመማር ኢንዲያና ድረስ እንዲሄዱ አስገደዳቸው። ተመርቀው ሲመለሱ የዳላሱ የጦር ጡረተኞች ሆስፒታል በአካል ሳያያቸው ቀጠራቸው። ጥቁር መሆናቸው ሲታይ ግን በነርሶች ማደሪያ የተሰጣቸው ክፍል ተነጠቀ። ጆንሰን አልሄዱም፤ 16 ዓመት ሠርተው የአእምሮ ሕክምና ዋና ነርስ ሆኑ። ከሥራ ውጪ ደግሞ ጥቁር ሴቶች ልብስና ባርኔጣ እንዳይለኩ ይከለክሉ የነበሩ የዳላስ መደብሮች ላይ የግዢ አድማ ካስተባበሩት ሴቶች አንዷ ነበሩ።

ለምርጫ ልወዳደር ሲሉ ሕግ ገጠማቸው። የፌዴራል ሠራተኛ በፓርቲ ስም መወዳደር አይችልም፤ ሆስፒታሉ ደግሞ የፌዴራል ነው። ወይ ደመወዝ፣ ወይ ወንበር! እንጀራቸውን ትተው እንዲወዳደሩ ያደፋፈሯቸውና ሥራ እንሰጥዎታለን ያሏቸው የኒማን ማርከስ መደብሩ ስታንሊ ማርከስ ናቸው። በመደብሮች ላይ ላደሙት ሴት በሩን የከፈተው የመደብር ሰው መሆኑ ነው እንግዲህ።

አሸነፉ። በሁለተኛው ዘመናቸው የሠራተኛ ጉዳይ ኮሚቴን መሩ፤ በቴክሳስ ታሪክ ትልቅ የምክር ቤት ኮሚቴ የመራች የመጀመሪያዋ ሴት ሆኑ። በ1977 ፕሬዚዳንት ካርተር ለጤናና ለትምህርት መሥሪያ ቤት ሾሟቸው፤ በ1986 ለግዛቱ ሴኔት፣ በ1992 ለኮንግረስ ተመረጡ። እዚያም 30 ዓመት ቆዩ፤ በ2019 የሳይንስ ኮሚቴው ሊቀመንበር ሆኑ። በ2023 የመጨረሻ ቀን አረፉ።

ይህን ሁሉ የጽናት ታሪክ ብቻ አድርጎ መተረክ አይዋጥልኝም። ጽናትማ ነበራቸው፤ ግን ምትክ ሥራ ያገኙ ዕድለኛም ነበሩ። ዕድለኛ ያልኳቸው ወንበሩ ብቻውን ስለማያኖር ነው፤ የቴክሳስ ምክር ቤት በሁለት ዓመት አንዴ ለ140 ቀን ይሰበሰባል። የአባሉ ደመወዝ ከውሎ አበሉ ሌላ በወር 600 ዶላር ነው። ጠበቃ ጉዳዩን ለባልደረባው፣ ነጋዴ ሱቁን ለልጁ አደራ ሰጥቶ ምክር ቤቱ ባለበት ኦስቲን ይከርማል። የሌሊት ተረኛ ነርስ ግን «ምክር ቤት ደርሼ ልምጣ» የምትለው አለቃ የላትም። በዳላስና በዙሪያዋ በነርስነት የሚሠሩ ብዙ የአገራችን ልጆች ይህን ሒሳብ ለማስላት አስረጂ አያሻቸውም።

ደመወዙ 600 የሆነው በ1975 ነው። የተጻፈው ሕገ መንግሥት ውስጥ ስለሆነ ያለ መራጩ ፈቃድ አይነካም፤ መራጩም እስካሁን አልነካውም።