ወደቡ የሕዝብ ነው፤ ጥቅሙስ?

በቨርጂኒያ ግዛት በአሌክሳንድሪያ፣ በፌርፋክስና በአካባቢው የምንኖር ኢትዮጵያውያን ለዶሚኒየን ኢነርጂ የመብራት ሂሳብ በከፈልን ቁጥር፣ ከቨርጂኒያ ቢች 43 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ አትላንቲክ ውቅያኖስ ውስጥ ለሚተከል የነፋስ ኃይል ማመንጫም እየከፈልን ነው። 176 ተርባይኖች ያሉት፣ 2,600 ሜጋ ዋት ገደማ እንዲያመነጭ የታቀደ ግዙፍ ሥራ ነው። ወጪው ከደንበኞች እንዲሰበሰብ የግዛቲቱ ተቆጣጣሪ ኮሚሽን የፈቀደው በ2022 እ.ኤ.አ. ነበር። ገንዘቡ ከኪሳችን የሚወጣ ነውና ምን ላይ እንደዋለ መጠየቅ ይገባናል።

ብዙ ሰው የሚከራከረው ስለ ተርባይኑ ነው። ለእኔ ዋናው ጥያቄ ያለው ወደቡ ላይ ነው።

በቨርጂኒያው ፖርትስማውዝ ተርሚናል የተራገፉትን የብረት ምሰሶዎች አስቡ። ከባሕሩ ወለል ተቀብረው ተርባይኑን የሚሸከሙት እነሱ ናቸው። ትልቁ 83 ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ክብደቱ 1,500 ቶን ይደርሳል። እንዲህ ያለውን ሸክም ተራ የወደብ መሬት አይችለውም። አፈሩ መጠናከር፣ መርከብ የሚጠጋበት ግንብ እንደገና መሠራት አለበት። የቨርጂኒያ ወደብ ባለሥልጣን ለዚሁ ሥራ የ223 ሚሊዮን ዶላር ውል ገብቷል፤ የፌዴራሉ መንግሥትም 20 ሚሊዮን ዶላር ደጉሟል። አካባቢው ሌላም ጸጋ አለው። አውራ ጎዳናው የመርከቦቹን መስመር የሚያቋርጠው በባሕር ሥር ዋሻ ስለሆነ፣ ማማ አቁሞ የጫነ መርከብ ከላይ የሚያግደው ድልድይ የለም።

ይህን ሁሉ ለምን የግል ኩባንያ ብቻውን አይሠራውም? ኩባንያው ተርባይኑን በሁለት በሦስት ዓመት ተክሎ ይሄዳል፤ ወደብ ግን ለልጅ ልጅ የሚተርፍ ንብረት ነው። የዴንማርኩን ኤስብየርግ እንመልከት። ዴንማርክ በ1864ቱ ጦርነት ደቡባዊ ግዛቶቿን ስታጣ፣ ፓርላማው በ1868 ባወጣው ሕግ መንግሥት ባዶ በነበረ ዳርቻ ላይ ወደብ ገነባ። በጊዜው ነፋስ ኤሌክትሪክ ያመነጫል ብሎ ያሰበ አልነበረም። ወደቡ ግን ዓሣ አጥማጆችን፣ ቀጥሎም የሰሜን ባሕርን ነዳጅ፣ ከ2002 ጀምሮ ደግሞ የነፋስ ተርባይኖችን አስተናገደ። ዛሬም ንብረትነቱ የከተማው አስተዳደር ነው።

አሜሪካም ውስጥ ምስክር አለ። የማሳቹሴትስ ግዛት በኒው ቤድፎርድ በ113 ሚሊዮን ዶላር ለባሕር ላይ ነፋስ የሚሆን ተርሚናል ሠርቶ ሲጨርስ፣ ዋናው ደንበኛ ይሆናል የተባለው የነፋስ ፕሮጀክት ኬፕ ዊንድ በዚያው በ2015 የኤሌክትሪክ ሽያጭ ውሎቹን አጣ፤ ኋላም ፈረሰ። የሕዝብ ገንዘብ ባከነ ተባለ። በ2023 ግን የቪንያርድ ዊንድ ተርባይኖች የተሰናዱት በዚያው ተርሚናል ነው። የኒው ጀርሲው ዕድል እስካሁን እንዲህ አላማረም። ግዛቲቱ በደላዌር ወንዝ ዳር በመቶ ሚሊዮኖች ዶላር ወደብ ስታስገነባ የነፋስ ኃይል ኩባንያው ኦርስቴድ በጥቅምት 2023 ሁለቱን ፕሮጀክቶቹን ሰረዘ። በነሐሴ 2025 ደግሞ የፌዴራሉ መንግሥት ለ12 የባሕር ላይ ነፋስ የወደብ ሥራዎች ተመድቦ የነበረ 679 ሚሊዮን ዶላር ሰረዘ።

ስለዚህ ወደብ መሥራቱ ትክክል ነው፤ ብቻውን ግን አይበቃም፤ ፋብሪካም ያስፈልገዋል። አገር ቤት የአዳማና የአሸጎዳ ተርባይኖች ክንፍ ከጅቡቲ የመጣው በረጃጅም ተሳቢ መኪና ነው። ባሕር ላይ የሚተከለው የቨርጂኒያው ክንፍ 108 ሜትር ነው፤ ይህን በየመታጠፊያው ማዞር አይታሰብም። ፋብሪካው ራሱ ውሃ ዳር መቆም አለበት ማለት ነው። ተርባይን አምራቹ ሲመንስ ጋሜሳ በ2021 በፖርትስማውዝ በ200 ሚሊዮን ዶላር የክንፍ ፋብሪካ እገነባለሁ፣ 310 ሰው እቀጥራለሁ ብሎ ነበር፤ በ2023 ተወው። ምሰሶዎቹም የመጡት ከጀርመን ሮስቶክ ነው። እንጀራውን የበላው የሮስቶክ ሠራተኛ ነው።

እንግሊዝ ሀል ከተማ ላይ ያው ኩባንያ ያደረገው ግን ሌላ ነው። ሲመንስና የወደቡ ባለቤት ኩባንያ በጋራ 310 ሚሊዮን ፓውንድ አፍስሰው በ2016 የክንፍ ፋብሪካ ከፈቱ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የእንግሊዝ ባሕር ለብዙ ዓመታት ተከታታይ ሥራ ነበረው። ፋብሪካ ለአንድ ትዕዛዝ ብሎ አይተከልም፤ ነገም ከነገ ወዲያም ገዢ እንዳለ ሲያምን ነው የሚመጣው። በየምርጫው የሚገለባበጥ ፖሊሲ ይህን እምነት ይገድለዋል።

አቋሜ ይህ ነው። የሕዝብ ገንዘብ ወደብ ላይ ይዋል፤ ነገር ግን በውል ይታሰር። መሬቱ የሕዝብ ሆኖ ይቆይ፣ ተከራዩም ተገቢውን ኪራይ ይክፈል። ፋብሪካ አቋቁማለሁ ብሎ ድጋፍ የወሰደ ኩባንያ ቃሉን ካጠፈ ገንዘቡን ይመልስ። የወደቡ መድረክ ሌላ ከባድ ጭነትም እንዲያስተናግድ ሆኖ ይሠራ፤ ነፋሱ ቢቀር ወደቡ ሥራ አይፈታም። ከገንዘቡም ከፊሉ ለብየዳና ለኤሌክትሪክ ሙያ ሥልጠና ይዋል።

እኛስ? የግዛቲቱ ኮሚሽን የመብራት ታሪፍ ሲመረምር የሕዝብ አስተያየት ይቀበላል። እስከዛሬ ታክሲ ስንነዳ፣ ሱቅ ስንጠብቅ፣ ሆስፒታል ስናድር እንዲህ ያለው መድረክ የሌሎች ይመስለን ነበር። ነገር ግን ሂሳቡ በየቤታችን ይመጣል። እባካችሁ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ኮሚሽኑ አስተያየት ሲጠይቅ አንድ ገጽ ጻፉ፤ ለእንደራሴያችሁም ስልክ ደውሉ። የምትጠይቁት አንድ ነገር ነው፦ በከፈልነው ገንዘብ ስንት ሰው እዚህ ሥራ አገኘ?