«ሲስተም የለም» ከማለት በፊት ሊመረመር ስለሚገባው ነገር

ባለጉዳይን ያለ መልስ መመለስ ከጥንት ጀምሮ የተነቀፈ ነገር ነው። ምክንያቱ የጸሐፊው ስንፍና የሆነ እንደሆነ ተግሣጽ ያርመዋል፤ ምክንያቱ የመሣሪያውን ጠባይ አለማወቅ ሲሆን ግን የሚያርመው ዕውቀት ብቻ ነው።

ዛሬ በአዲስ አበባ መሥሪያ ቤቶች ከሚሰሙት ቃላት አንዱ «ሲስተም የለም» የሚለው ነው። ከጀሞ፥ ከለቡ ወይም ከሐና ማርያም ተነሥቶ ወደ ንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ጽሕፈት ቤት የሚመጣ ሰው ይህን ቃል ሰምቶ የተመለሰ እንደሆነ፥ የቀን ሥራውንና የመንገድ ገንዘቡን ያጣል። መንግሥት በ2012 ዓ.ም. የዲጂታል ኢትዮጵያ 2025 ስትራቴጂን አጽድቋል፤ በ2015 ዓ.ም. የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284ን አውጥቷል፤ በሚያዝያ 2017 ዓ.ም. የመሶብ የአንድ ማእከል አገልግሎትን በአዲስ አበባ ከፍቷል። ይህ ሁሉ ድካም በአንድ ጸሐፊ ጠረጴዛ ላይ ከንቱ ሆኖ ሊቀር አይገባም።

ለመሆኑ ኮምፒዩተር «ስታክ አደረገ» የሚባለው ምን ሲሆን ነው? ብዙ ጊዜ መሣሪያው ተበላሽቶ ሳይሆን እየጠበቀ ነው። ፕሮግራም ከኢንተርኔት ፋይል እንዲያመጣ የታዘዘ እንደሆነ፥ በሩቅ ወዳለው ሰርቨር ጥያቄ ልኮ መልሱን ይጠባበቃል። ፕሮግራሙ በደንብ ያልተሠራ ከሆነ ግን የሚጠባበቀው የጸሐፊውን ትእዛዝ የሚቀበለው ክፍል ራሱ ነው። ይህም መልእክተኛ ልኮ እስኪመለስ ድረስ ችሎቱን የሚዘጋ ዳኛን ይመስላል፤ ብልኅ ዳኛ ግን መልእክተኛውን የሚጠብቅ ሌላ ሰው አቁሞ እርሱ ፍርዱን ይቀጥላል።

በዊንዶውስ ኮምፒዩተር አንድ ፕሮግራም 5 ሰከንድ ያህል ለትእዛዝ ዝም ቢል፥ መልስ እንደማይሰጥ የሚያመለክት ጽሑፍ በመስኮቱ ራስ ላይ ይወጣል። ነገር ግን ጭራሽ ዝም ካለ ሰርቨር ጋር ለመገናኘት የሚደረገው አንድ ሙከራ እስኪቋረጥ 21 ሰከንድ ያህል ሊፈጅ ይችላል፤ ፋይሎቹ 10 ሆነው ተራ በተራ ቢጠበቁ 3 ደቂቃ ተኩል ይሆናል። በመካከሉ ኮምፒዩተሩን ከኤሌክትሪክ የሚነቅል ሰው ያልተቀመጠውን ጽሑፍ ያጠፋል፤ የተከፈተውንም ፋይል ሊያበላሽ ይችላል፤ ጥበቃውንም ከመጀመሪያው ያስጀምረዋል። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» እንደሚባለው ነው።

ስለዚህ ጸሐፊው በቅደም ተከተል ይመርምር። አስቀድሞ ጥቂት ደቂቃ ይታገሥ። ቀጥሎ ኮንትሮል፥ ሺፍትና ኢስኬፕ የተባሉትን ቁልፎች በአንድነት ተጭኖ ታስክ ማናጀርን ይክፈት፤ ፕሮሰሰሩ ወይም ዲስኩ በሥራ ተጨናንቆ ቢያገኘው መሣሪያው እየሠራ ነው፤ ሁለቱም ሥራ ፈትተው ቢያገኛቸው ግን ከውጭ የሚመጣ ነገር ሳይጠበቅ አይቀርም። ሦስተኛ፥ በብራውዘር ሌላ ገጽ ይክፈት፤ ከተከፈተ ጉድለቱን ከመሥሪያ ቤቱ ኢንተርኔት ይልቅ በሩቁ ሰርቨር ይፈልግ። አራተኛ፥ ፕሮግራሙን ዘግቶ የኔትወርኩን ገመድ ነቅሎ እንደ ገና ይክፈተው፤ ያን ጊዜ ሳይዘገይ ከተከፈተ ያዘገየው የኢንተርኔት ጥበቃ መሆኑ ይታወቃል። ከዚህ በኋላ ገመዱን መልሶ የሚያስፈልገውን ፋይል በብራውዘር ወደ ኮምፒዩተሩ ያውርድና ከዚያው ይክፈተው። ቀኑን፥ ሰዓቱንና የፋይሉን ስም ጽፎ ለባለሙያው ያስረክብ፤ «አልሠራም አለ» የሚል ቃል ብቻውን ለባለሙያ ምንም አያስረዳምና።

ጥፋቱ ሁሉ የኔትወርክ ነው፥ ከዚህ ሌላ የሚደረግ የለም የሚሉ አሉ። ኔትወርክ በየትም አገር ይዘገያል፤ ይቋረጣልም። ይህ የታወቀ ከሆነ ዘንድ ዋናው መድኀኒት ፕሮግራም በሚያሠሩት ሹማምንት እጅ ነው። ፕሮግራሙ ፋይል የሚያመጣው ገጹን ሳያግድ እንዲሆን፥ ለጥበቃው የጊዜ ወሰን እንዲኖረው፥ አንድ ጊዜ የመጣውን ፋይል በኮምፒዩተሩ እንዲያስቀምጥ፥ ምን እየጠበቀ እንደሆነም በአማርኛ እንዲገልጽ በውሉ ላይ ይጻፍ። መዝገባቸውን ወደ ኮምፒዩተር ለሚያዛውሩ የአድባራት ጽሕፈት ቤቶችም ይኸው ምክር ይጠቅማል።

እስከዚያ ድረስ ብዕርና መዝገብ ከጠረጴዛው አይጥፋ። ባለጉዳዩ «ሲስተም የለም» ተብሎ ከሚመለስ ይልቅ ጉዳዩ በወረቀት ተመዝግቦ ቀጠሮው በእጁ ይሰጠው፤ መጠበቅ ግድ የሆነ እንደሆነ የሚጠብቀው መሣሪያው እንጂ ሰውየው አይሁን።