ቀባሪው ሞልቷል፣ ጧሪው የት አለ?

«ጧሪ ቀባሪ አያሳጣህ» የሚለው የሽማግሌዎች ምርቃት ሁለት ነገር በአንድ ላይ ይመኛል፤ ስታረጅ የሚጦርህ፣ ስትሞት የሚቀብርህ አትጣ ይላል። የከተማው ኑሮ ግን ሁለቱን ለያይቷቸዋል። ቀባሪው በሚገባ ተደራጅቷል፤ ጧሪው ግን ለየቤቱ ዕድል ተትቷል።

ቀባሪው ዕድር ነው። ደንብ፣ ሊቀመንበርና ገንዘብ ያዥ፣ ድንኳን፣ ወንበርና ብረት ድስት አለው። አባል ሲሞት ለቀብሩ የሚጎድል ነገር የለም። በቀብሩ ያልተገኘ አባል ይቀጣል። ሕዝቡ መንግሥት ሳያዘው በራሱ ያቆመው፣ ሊኮራበት የሚገባ ተቋም ነው።

በዚያው ሰፈር ግን በጠባብ የቀበሌ ቤት ብቻቸውን የሚኖሩ እናቶች አሉ። ልጆቻቸው ወይ ሞተዋል፣ ወይ ዓረብ አገር ሄደው ድምፃቸው ጠፍቷል፣ ወይም ራሳቸው በቤት ኪራይ ተወጥረዋል። አንድ እንጀራ ለሁለት ቀን ያብቃቃሉ። የደም ግፊት መድኃኒታቸውን አንድ ቀን ይውጣሉ፣ አንድ ቀን ይዘላሉ። የዕድር መዋጮ ግን አያሳልፉም። «ማዘጋጃ ቤት እንዳይቀብረኝ» የሚለው ፍርሃት ከረሃቡ ይበልጥባቸዋል። በሞቱ ዕለት ጎረቤቱ ሁሉ ምግብ ይዞ ይመጣል። ያ ምግብ ከወር በፊት ቢመጣ ኖሮ የሚበሉት እሳቸው ነበሩ።

«ልጆቻቸው ይጡሯቸው» የሚል መልስ ይሰማል። ትክክል ነው፤ የሚችል ልጅ ወላጁን ሊጦር ይገባል። ግን ያ ልማድ የቆመው ልጅና ወላጅ በአንድ መሬት ላይ፣ ከአንድ ጎተራ ሲበሉ ነበር። ዛሬ በቀን ሥራ የሚተዳደር ልጅ ለራሱ ልጆች ምሳ መቋጠር አቅቶታል። የሁለቱን ድህነት አንዱ በሌላው ላይ መጫን መፍትሔ አይሆንም።

ጡረታም ቢሆን ሁሉንም አያዳርስም። የመንግሥት ሠራተኛው፣ የኑሮ ውድነቱ ቢያሳሳውም፣ የሚቀበለው አበል አለው። የግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ ግን የመጣው በ2003 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 715 ነው። ዕድሜያቸውን በጉሊት፣ በሽመና፣ በሸክም፣ በሰው ቤት እንጀራ በመጋገር የጨረሱት ከሁለቱም መዝገብ ውጭ ናቸው። ከተማዋን በጉልበታቸው አቁመው ጉልበታቸው ሲያልቅ ስማቸው የሚገኝበት ደብተር የለም።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 ላይ መንግሥት አቅም በፈቀደ መጠን አረጋውያንን እንዲረዳ ግዴታ ጥሎበታል። በ1997 ዓ.ም. በገጠር የተጀመረው፣ ኋላም ወደ ከተሞች የገባው ሴፍቲኔትም መሥራት ለማይችሉ ቀጥተኛ ድጋፍ ያደርጋል። ጥሩ ጅምር ነው። ችግሩ ድጋፉ የሚገኘው በኮታና በምልመላ መሆኑ ነው፤ ማርጀት ብቻውን መብት አያሰጥም። ሀብታም ያልሆነችው ሌሶቶ እንኳ ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ 70 ዓመት ለሞላቸውና ሌላ ጡረታ ለሌላቸው ዜጎቿ ወርኃዊ አበል ትከፍላለች። ኢትዮጵያም ከ75 ወይም ከ80 ዓመት በላይ ካሉት ብትጀምር አቅም የለም የሚለው ምክንያት ይቀልላል።

እንደ መቄዶንያ ያሉ ማዕከላት የወደቁትን ከጎዳና እያነሱ ነው፤ ምስጋና ይገባቸዋል። ነገር ግን አብዛኛው አረጋዊ የሚመኘው በለመደው ቤት፣ ስሙን ከሚያውቅ ጎረቤት ጋር መኖርን ነው። ሰው ሳይወድቅ መደገፍ ከወደቀ በኋላ ከማንሳት ይቀድማል። ለመልሶ ማልማት ሰፈር ሲነሣም አረጋውያኑን ከጎረቤቶቻቸው ሳይነጥሉ አንድ ላይ ማስፈር ይገባል፤ ለብቻቸው የሚኖሩ ሰዎች ቡና የሚጠራቸውን ጎረቤት ሲያጡ የሚያጡት ብዙ ነው።

ዕድሮችም የመንግሥትን በጀት እስኪጠብቁ እጃቸውን ማጣጠፍ የለባቸውም። ኤች አይ ቪ ሰፈሩን ባራቆተበት ዘመን ብዙ ዕድሮች ደንባቸውን አሻሽለው የታመመ አስታመዋል፣ ወላጅ ያጣ ሕፃን ደግፈዋል። ስለዚህ አዲስ ነገር አይደለም። ጧሪ የሌለውን አረጋዊ ከመዋጮ ነፃ ማድረግ፣ ከካዝናው ጥቂት ለመድኃኒት መመደብ፣ ሁለት ወጣቶች በሳምንት አንድ ቀን ቤቱን እንዲያንኳኩ ማድረግ ካዝና አያራቁትም። «ገንዘቡ የቀብር ነው» የሚል አባል ይኖራል። ግን ገንዘቡ የአባላቱ ነው፤ አባል ደግሞ በሕይወት እያለም አባል ነው።

የትኛው አረጋዊ በየትኛው በር ውስጥ ብቻውን እንዳለ ከወረዳው ጽሕፈት ቤት ይልቅ የዕድሩ ጸሐፊ ያውቃል። በሚቀጥለው ጠቅላላ ስብሰባ አንድ አባል እጁን አውጥቶ «ከመካከላችን ዛሬ ምሳ ያልበላ ማን ነው?» ብሎ ቢጠይቅ፣ መልሱ እዚያው መዝገብ ላይ ይገኛል።