ሰባት ዓመት የሞላው ኃጢአት

ሕፃን በእግዚአብሔር ፊት በኃጢአቱ የሚጠየቀው ከስንት ዓመቱ ጀምሮ ነው? አንዱ ሰባት ይላል፤ ሌላው ዐሥራ ሁለት። በእንዲህ ያለ ልበ ሙሉነት የሚጠራውን ቁጥር ግን መጽሐፍ ቅዱስ የትም አልጻፈውም። ዘዳግም ምዕራፍ 1 ክፉና ደጉን ያልለዩ ልጆች ተስፋይቱን ምድር እንደሚወርሱ ሲናገር ዕድሜያቸውን አይቆጥርም። ዘኍልቍ ምዕራፍ 14 ደግሞ በማጉረምረማቸው በምድረ በዳ የሚያስቀራቸው 20 ዓመት የሞላቸውን ነው። ሰባትን የሙጥኝ ያለ ሰው ስለ ሃያው ምን ይመልሳል? የሮማ ቤተ ክርስቲያን እንኳ በ1910 እ.ኤ.አ. ለመጀመሪያ ቁርባን ሰባት ዓመትን ስትወስን «ገደማ» ብላ ነው።

በአገራችን ልጅ በሰባት ዓመቱ ጾም ይጀምራል። መልካም ነው፤ ነገር ግን ይህ ማለማመጃ እንጂ የገሃነም ደጃፍ አይደለም። የ1996ቱ የወንጀል ሕጋችን ዘጠኝ ዓመት ያልሞላውን ሕፃን በወንጀል አይጠይቅም። የምድር ዳኛ የማይከሰውን ልጅ፣ ብርጭቆ ሰብሮ ስለ ካደ በዘላለም እሳት የምናስፈራራ እኛ ማን ነን?

ኅሊና እንደ አዝመራ ቀስ በቀስ ይበስላል እንጂ በልደት ቀን ማግስት አይታጨድም። ደግሞስ ያ ልጅ ውሸትን ከማን ተማረ? እንግዳ በር ሲያንኳኳ «አባባ የለም በል» ብሎ ከላከው አባቱ አይደለምን?

በማቴዎስ ምዕራፍ 18 የወፍጮው ድንጋይ የታሰበው ለታናናሾቹ አንገት አይደለም፤ እነርሱን ለሚያሰናክል ሰው አንገት ነው። እንግዲያውስ የልጁን ዕድሜ መቁጠር ትተን የራሳችንን እንቁጠር።