ሠሪዋን አይቶ መግዛት



ከአገር ቤት እንግዳ ሲመጣብኝ መጀመሪያ የምወስደው ወደ ቶርፒዶ ፋብሪካ ነው። «የጦር መሣሪያ ልታሳዪን ነው እንዴ?» ይሉኛል። አንድ አረንጓዴ ቶርፒዶ መሬት ቤቱ ላይ ተጋድሞ አለ፤ ልጆች ፎቶ ይነሡበታል። ከዚያ ወዲያ ግን ያለው ሁሉ ሸክላ፣ ሥዕል፣ ጌጣጌጥና ጨርቃ ጨርቅ ነው።

ቤቱ ያለው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ፣ ፖቶማክ ወንዝ ዳር ነው። ግንባታው የተጀመረው እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 12 ቀን 1918፣ አንደኛው የዓለም ጦርነት ባበቃ ማግስት ነበር። (ጦርነት ካለቀ በኋላ የመሣሪያ ፋብሪካ መጀመር የመንግሥት ነገር ነው፤ እንለፈው።) በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ሥራ በዛበት፤ ከዚያ በኋላ የመንግሥት ዕቃ ማከማቻ ሆነ። በ1969 ከተማው ገዛው። በ1974 ማሪያን ቫን ላንዲንግሃም የተባለች ሠዓሊ አስተባብራ፣ ሙያተኞቹ ራሳቸው ቆሻሻውን ጠርገው ገቡበት። ዛሬ በሦስት ፎቅ ላይ በደርዘን የሚቆጠሩ ክፍሎች አሉት። መግቢያ አያስከፍልም። ሠሪው ሥራው ላይ እያለ ዘው ብላችሁ ገብታችሁ «ይኼ እንዴት ነው የሚሠራው?» ብትሉት ይነግራችኋል።

ይህን ቤት የምወድበት ዋናው ምክንያት ግን የሕንፃው ባለቤት ከተማው መሆኑ ነው። ኒውዮርክ ውስጥ ሶሆ የሚባለውን ሰፈር ስሙን ሰምታችሁ ይሆናል። በ1960ዎቹና በ70ዎቹ ሠዓሊዎች ባዶ የቀሩትን የፋብሪካ ፎቆች በርካሽ እየተከራዩ ገቡ። ሰፈሩን ሰው አየው፣ ወደደው፤ ኪራዩ ጣራ ነካ። ዛሬ እዚያ የምታገኙት የውድ ልብስና የጫማ መደብር ነው። ሰፈር ያሳመረ ሰው ከሰፈሩ ሲባረር ማየት አሜሪካ ውስጥ ብርቅ አይደለም፤ እኛም ጋ ቢሆን እንግዳ ነገር የሚሆን አይመስለኝም።

ሌላው ጠላት ማስመሰል ነው። ኒው ሜክሲኮ፣ ሳንታ ፌ የሄድኩት ለሥራ ነበር። መሐል አደባባዩ ላይ በ1610 አካባቢ የተሠራ የአገረ ገዢዎች ቤተ መንግሥት አለ፤ ከፊቱ ረጅም በረንዳ። ጥንታዊዎቹ የአገሩ ባለቤቶች፣ ኢንዲያኖቹ፣ በየዕለቱ ጨርቅ አንጥፈው ብርና ሸክላ ይሸጡበታል። ሻጭ ከበዛ ቦታው በዕጣ ነው። ደንቡ ጥብቅ ነው፦ የምትሸጠው አንተ ወይም ቤተሰብህ በእጃችሁ የሠራችሁትን ብቻ፤ ዕቃው ላይም የሠሪው ምልክት መኖር አለበት። ከዚህም በላይ የ1990ው የፌዴራል ሕግ ሐሰተኛ ዕቃ «ኢንዲያኖች የሠሩት ነው» ብሎ የሚሸጥን ግለሰብ እስከ 250 ሺህ ዶላር መቀጫ ወይም እስከ አምስት ዓመት እስራት ሊያደርስበት ይችላል። ሽሮ ሜዳ በማሽን የታተመ ጥለት «የሸማኔ ሥራ ነው» ተብሎ የተሸጠላችሁ፣ ነገሩ ይገባችኋል።

እውነተኛውን ነገር ያየሁት ግን ቻርልስተን፣ ሳውዝ ካሮላይና፣ ከአክስቴ ጋር ነው። ከቨርጂኒያ ስምንት ሰዓት ያህል ነዳን። አክስቴ በልጅነቷ ወሎ ሰፌድና ሌማት ስትሰፋ ያደገች ናት። ገበያው ውስጥ አንዲት ሴት ሣር እያዞረች ስትሰፋ ስታይ ቆመች። ምንም ሳትናገር ተጠግታ እጇን ትመለከት ጀመር። «ልጄ፣ ይቺ ሰፌድ ነው የምትሰፋው» አለችኝ።

እውነቷን ነው። የጉላ ሕዝብ አያቶች ከምዕራብ አፍሪካ በባርነት የመጡ ናቸው፤ ሩዝ ማልማት ስለሚያውቁም ጭምር ነው ወደዚያ ጠረፍ የተወሰዱት። ከእነሱ ጋር የመጣው ሙያ ሩዝ የሚነፋበት ሰፊ፣ ዝርግ ሰፌድ ነበር። የሩዙ እርሻ ሲቀር ሰፌዱ ቀረ። በኋላ ዋናው መንገድ ሲሠራ ሴቶቹ መንገድ ዳር ወንበር አውጥተው ለመንገደኛ ይሸጡ ጀመር። ዛሬ የግዛቲቱ የእጅ ሥራ ተብሎ በ2006 ታውጆለታል፤ ከዚያው ማኅበረሰብ የወጣችው ሜሪ ጃክሰንም በ2008 የማክአርተርን ታላቅ ሽልማት አግኝታበታለች።

አክስቴ ይህ ሁሉ አላሳሰባትም። «እህቴ፣ ወስፌሽ የታለ?» በልልኝ አለችኝ። ተረጎምኩ። ሴትየዋ የማንኪያ እጀታ አሳየቻት፤ ጫፉ ተሞርዶ የሳሳ። በእሱ ሣሩን ትከፍትና የዘንባባ ቅጠል ስንጥቅ ታሾልክበታለች። አክስቴ ተቀብላ አገላብጣ አየችው። ቀጥላ ዋጋ ጠየቀች፤ ትልቁ በመቶዎች የሚቆጠር ዶላር ነው። «ለሰፌድ!» አለች በአማርኛ። ከዚያ «ስንት ቀን ፈጀባት?» አለችኝ። ሳምንታት። ትንሽ ዝም ብላ፣ «እንግዲያው አልበዛም» አለች።

በመጨረሻ «ሣሩን ከየት ታመጪዋለሽ?» ስትላት ነው የሴትየዋ ፊት የተለወጠው። ድሮ እናቷ በእግሯ ሄዳ ከባሕሩ ዳር ትነቅል ነበር። አሁን ዳርቻው የሀብታም ቤትና የጎልፍ ሜዳ ሆኗል፤ አጥር አለው፣ ዘበኛ አለው። ዘመዶቿ ጆርጂያና ፍሎሪዳ ድረስ ነድተው ነው የሚያመጡላት። ሙያ አልጠፋም፣ ገዢ አልጠፋም፤ የጠፋው ሣር ነው። ለአክስቴ ስተረጉምላት አንገቷን ነቀነቀች። «የእኛንም ሰፈር ረግረግ ቤት በላው» አለች።

ትንሿን ገዛች፤ የመዳፍ ያህል፣ እሷም ቢሆን ርካሽ አልነበረችም።

አዲስ አበባ ከተመለሰች በኋላ ስትደውልልኝ ሰላምታውን ቶሎ ጨረሰች። የማንኪያ እጀታ አስሞርዳ ሞክራው ኖሯል። «ለዘንባባው ይሁን» አለችኝ፤ «ስንደዶውን ግን ያሰፋብኛል። ወስፌ ይሻላል።»